የድሮ ጭቃ ቤት የእንጨት መስኮት እንዴት ይሰራል፣ እንዴትስ ይገጠማል

አዲስ አበባ ውስጥ ገና ባልፈረሱት የድሮ ጭቃ ቤቶች የምትኖሩ ወይም ከቤተሰብ የወረሳችሁ ሰዎች አንድ ቀን የመስኮት ጣጣ ይመጣባችኋል። የታችኛው እንጨት ይበሰብሳል፣ ክረምት ላይ አልከፈት ይላል፣ በጋ ላይ ደግሞ ንፋስ ያስገባል። ያኔ ከጎረቤትም ካናጺም መጀመሪያ የሚመጣው ምክር "ነቅላችሁ አሉሚኒየም አስገቡበት" ወይም "ላሜራ አሰሩና ተገላገሉ" ነው። እኔ በዚህ ፈጽሞ አልስማማም፣ ያልተስማማሁትም ለቤቱ መልክ ብዬ ብቻ አይደለም። ጭቃ ግድግዳ ክረምት እርጥበት ይጠጣና ያብጣል፣ በጋ ደርቆ ይሰነጠቃል፣ ውስጡ ያለው የባህር ዛፍ ቋሚም አብሮት ትንሽ ትንሽ ይንቀሳቀሳል። ብረት ወይም አሉሚኒየም ዙሪያውን በሲሚንቶ ተለስኖ ሲገባበት ሲሚንቶው ከጭቃው ጋር አይያያዝም፣ ይላቀቅና በስንጥቁ ውሃ ይገባል፣ ከዛ የሚበሰብሰው መስኮቱ ሳይሆን የቤቱ ቋሚ ነው። እንጨት ግን ከግድግዳው ጋር አብሮ ይሄዳል፣ ሲጠብቅ ይላጋል፣ ሲበላሽም የተበላሸው ብቻ ተቆርጦ ይቀጠላል።

የእንጨት መስኮት ጠላቱ ውሃ ነው፣ ቀሪው ሁሉ ከዛ በኋላ ነው የሚመጣው። ላስታ ሄዳችሁ ይምርሃነ ክርስቶስን ያያችሁ ሰዎች የእንጨት መስኮቶቹን ታስታውሱ ይሆናል፣ ከ800 ዓመት በላይ ሆኗቸው ዛሬም እዛው አሉ፣ ቤተክርስቲያኑ ዋሻ ውስጥ ስለሆነ ዝናብ አይነካቸውማ። እኛ ዋሻ የለንም፣ ስለዚህ ከዚህ በታች የምነግራችሁ ነገር አብዛኛው ውሃውን እንዴት ከእንጨቱ ላይ ቶሎ እናባርረው የሚል ነው።

መጀመሪያ አዲስ መስኮት በእርግጥ ያስፈልጋል ወይ የሚለውን እዩ። ቀጭን ካቻቪቴ ያዙና የመቃኑን (ግድግዳው ላይ የሚታሰረውን ዙሪያ እንጨት) ሁለት እግሮች ከታች፣ ደፉን (የመቃኑን የታች አግዳሚ)፣ የመዝጊያውን (የሚከፈት የሚዘጋውን ክፍል) የታችኛውን እንጨት እየወጋችሁ ፈትሹ። ጤነኛ እንጨት ካቻቪቴውን አያስገባም፣ የበሰበሰው ግን ቀለሙ ላይ ምንም ሳይታይበት ጫፉን ዋጥ ያደርገዋል። ብዙ ጊዜ የምታገኙት ከታች አስር አስራ አምስት ሳንቲም ብቻ ሄዶ ከላይ ያለው ዝግባ እንደ ድንጋይ የጠነከረ ነው። እንደዛ ከሆነ ሙሉውን መቀየር ሀጢያት ነው። የበሰበሰውን አልፋችሁ ጤነኛው ላይ ሰያፍ አድርጋችሁ ቁረጡት፣ ተመሳሳይ እንጨት በተመሳሳይ ሰያፍ አዘጋጁና በውሃ በማይለቅ ኮላና በቪቴ (በሚጠመዘዝ ሚስማር) ቀጥሉት። የሰያፉ ርዝመት የእንጨቱን ውፍረት አራት እጥፍ ቢሆን ጥሩ ነው፣ ከጎን ስታዩት ደግሞ ቁልቁል ወደ ውጭ ያዘነበለ ይሁን፣ ያለበለዚያ ስንጥቁ ውሃ ይይዛል።

ስራ ከመጀመራችሁ በፊት ደግሞ ወረቀቱን ጨርሱ። ቤቱ የቀበሌ ከሆነ ያለወረዳው ፈቃድ መስኮት መንካት ጣጣ ያመጣል። በቅርስነት የተመዘገበ ከሆነ በአዋጅ 209/1992 መሰረት ያለፈቃድ መጠገንም መቀየርም አይቻልም፣ ስለዚህ ከተማው ባህልና ቱሪዝም ሄዳችሁ አስፈቅዱ፣ የድሮውን መስኮትም ሳይነቀል ከውስጥም ከውጭም ፎቶ አንሱት።

ልኬት። የድሮ ቤት የመስኮት ቀዳዳ አንድም ጎኑ ትክክል አይደለም፣ ስለዚህ አንድ ቦታ ብቻ ለክታችሁ አትሂዱ። ስፋቱን ከላይ፣ ከመሀል፣ ከታች፣ ቁመቱንም ከግራ፣ ከመሀል፣ ከቀኝ ለኩና ትንሹን ቁጥር ያዙ። ከዛ ላይ ከስፋቱም ከቁመቱም ሁለት ሁለት ሳንቲም ቀንሱ፣ እሱ ነው የመቃኑ የውጭ ልክ። አንዳንድ አናጺ የጎበጠውን ቀዳዳ ተከትሎ የጎበጠ መቃን ይሰራል፣ ይሄን እንዳትቀበሉ፣ መቃኑ ስኳድራ (አራቱም ጥጉ ትክክል) ይሁን፣ ግድግዳው ላይ የሚቀረውን ክፍተት በኋላ ጭቃና ሊስቴሎ (ቀጭን የጠርዝ እንጨት) ይሸፍነዋል። ሳንቲሙን ከያዛችሁ በኋላ መስኮቱን በሙሉ ልኩ አንድ ኮምፔንሳቶ ላይ በእርሳስ ሳሉት፣ መቃኑን፣ መዝጊያውን፣ መስታወቱን፣ ሁሉንም። እንጨት የምትቆርጡት ከስዕሉ ላይ እያስተያያችሁ ነው እንጂ በጭንቅላት እያሰላችሁ አይደለም። እውነቴን ነው፣ ይሄ ስዕል ግማሽ ቀን ቢፈጅም ኋላ ብዙ ጣውላ ያድናል።

እንጨቱን በተመለከተ፣ ድሮ የተሰራባቸው ዝግባ፣ ጽድና ዋንዛ ናቸው። ጽድ ምስጥም ብስባሴም አይደፍረውም ግን አንጓ ይበዛበታል፣ ለመቃንና ለደፍ አንደኛ ነው። ዝግባ ቀጥ ያለና ለመላግ የሚመች ስለሆነ ለመዝጊያ ይሆናል፣ ያለቀለም ዝናብ ላይ ከተተወ ግን አይቆይም። ዋንዛ አይጣመምም፣ ቀላል ነው፣ መልኩም ያምራል። ችግሩ እነዚህ ዛፎች በደናችን ተመናምነዋል፣ ከተፈጥሮ ደን መቁረጣቸውም የተከለከለ ነው፣ ስለዚህ ከየት እንደመጣ የማይታወቅ አዲስ ጣውላ ከምትገዙ ከፈረሰ ቤት የወጣ አሮጌ እንጨት ፈልጉ። በ2016 ፒያሳ አካባቢ የድሮ ሰፈሮች ሲፈርሱ ስንት ዝግባና ጽድ አብሮ እንደሄደ ሳስብ ያመኛል። አሮጌ ጣውላ ለአስርት አመታት የደረቀ ነው፣ አይጣመምም፣ ሚስማሩን ግን አንድም ሳታስቀሩ ንቀሉ፣ የማሽን ቤት ሰው ሚስማር ያለው እንጨት መላጊያው ላይ አያስገባላችሁም። ምናለሽ ተራም ብትዞሩ የድሮ ማጠፊያና መቀርቀሪያ ታገኛላችሁ፣ ዛሬ ከሚሸጠው ስስ ብረት በብዙ ይሻላል።

አዲስ እንጨት ከሆነ ደርቋል ብሎ ሻጩ ስለነገራችሁ አትመኑ። ከጣውላው አንዲት ቁራጭ ቆርጣችሁ በኩሽና ሚዛን መዝኑ፣ ቀኑን ጻፉባት፣ ቤት ውስጥ አስቀምጡና በየሳምንቱ መዝኑ። ክብደቷ እየቀነሰ ከሆነ እንጨቱ ገና ነው፣ መቀነስ ሲያቆም ደርቋል። ጣውላውን ደግሞ ከመሬት ከፍ አድርጋችሁ በየመሀሉ ቀጫጭን እንጨት እያስገባችሁ ደርድሩት፣ ጥላ ስር፣ አየር በሚያገኝበት። በጥሬ እንጨት ከተሰራ መስኮት የጣውላ ክምር ይሻላል። ስራውን ከህዳር እስከ የካቲት ብታደርጉት ጥሩ ነው፣ ቤቱም ክፍት ሆኖ ቢያድር ዝናብ አያገኘውም።

አሁን መቃኑ። የጎኖቹና የላዩ እንጨት ከተላገ በኋላ 5 በ10 ሳንቲም አካባቢ ቢሆን በቂ ነው፣ ደፉ ግን ወፍራምና ሰፊ ይሁን፣ 6 በ15 እና ከዛ በላይ፣ ምክንያቱም ከግድግዳው ምርጊት ውጭ ሶስት አራት ሳንቲም መውጣት አለበት። ማጋጠሚያው ወንዴና ሴቴ ነው፣ ማለትም የአንዱ እንጨት ጫፍ ምላስ (ወንዴው) ሌላው ላይ በተቆፈረ ቀዳዳ (ሴቴው) ይገባል፣ ሚስማር ብቻ መትቶ ማገጣጠም እዚህ አይሰራም። ሴቴው የእንጨቱ ውፍረት አንድ ሶስተኛ ይሁን፣ 5 ሳንቲም እንጨት ላይ ከ15 እስከ 17 ሚሊ ማለት ነው፣ እጃችሁ ላይ ባለው መሮ ስፋት ልክ አድርጉት እንጂ ለአንድ ሚሊ ብላችሁ አትቸገሩ። ሴቴውን መጀመሪያ ቆፍሩ፣ ከሁለቱም ፊት እስከ መሀል፣ ከአንድ ወገን ብቻ ከበረገዳችሁት ከወዲያ ሲወጣ እንጨቱን ይሰነጥቀዋል። ወንዴውን ትንሽ ወፈር አድርጋችሁ ቁረጡና እየሞከራችሁ በመሮ አሳሱ። ልኩ የሚታወቀው በእጅ ገፍታችሁ ግማሽ ድረስ ሲገባ፣ ቀሪውን በእንጨት መዶሻ ቀስ እያላችሁ ስትመቱ ሲጨርስ ነው። ያለመዶሻ ሙሉ በሙሉ ከገባ ላልቷል፣ መዶሻ ከበዛበት ሴቴውን ይፈነቅለዋል። ኮላ ቀቡት፣ ከዛ በ10 ሚሊ የእንጨት ችካል ቆልፉት፣ ኮላው ሳይደርቅ ሁለቱን አግድመት (ከጥግ እስከ ተቃራኒው ጥግ) በሜትር ለኩ፣ እኩል ከሆኑ ስኳድራ ነው፣ ከተለያዩ ረጅሙን በሞርሳ ጨቆን አድርጉት።

ደፉ ላይ ጊዜ ውሰዱ። አደራ የምላችሁ እዚህ ነው። የደፉ የላይኛው ፊት ወደ ውጭ ያዘንብል፣ በየአስሩ ሳንቲም አንድ ሳንቲም ወይ ትንሽ በለጥ ብሎ ይውረድ፣ ይሄን በመላጊያ ታወጡታላችሁ። ከዛ ደፉን ገልብጡትና ከውጭኛው ጠርዝ ሁለት ሳንቲም ገባ ብላችሁ ከጫፍ እስከ ጫፍ ቦይ አውጡበት፣ ስፋቱ 8 ሚሊ ጥልቀቱም እንደዛው። ቦይዋ ከታች ስለሆነች ማንም አያያትም፣ ስራዋ ግን ትልቅ ነው። ዝናብ ደፉ ላይ ሲወርድ ጠርዙ ጋር አይንጠባጠብም፣ ከታች ተጣብቆ ወደ ግድግዳው ይሳባል፣ ምርጊቱን የሚያፈርሰው ይሄ ነው። ቦይዋ ጋ ሲደርስ ግን መሻገር አቅቶት እዛው ይንጠባጠባል። ሁለቱ ጫፎቿ ግድግዳ ውስጥ እንዳይገቡ ብቻ ተጠንቀቁ፣ ከገቡ ውሃውን ወደ ጭቃው ይመሩታል። ከደፉ ላይ ደግሞ መዝጊያው የሚያርፍበት አንድ ሳንቲም ተኩል ከፍ ያለ እርከን ከውስጥ በኩል ይኑር፣ በንፋስ የተገፋ ውሃ ወደ ክፍሉ እንዳይዘል።

የመስታወት መዝጊያው ቀለል ያለ ነው። ጎኖቹና የላዩ 4.5 በ6 ሳንቲም፣ የታቹ ግን ከፍታው 9 ወይ 10 ይሁን፣ ውሃ የሚበዛው እዛ ነው። በነገራችን ላይ የድሮ ቤቶች መስታወት በትንንሽ እንጨቶች የተከፋፈለው ለጌጥ ብቻ እንዳይመስላችሁ፣ አንዱ ሲሰበር የሚቀየረው አንዱ ብቻ ነው፣ መዝጊያውም አይላላም፣ ስለዚህ የነበረውን ክፍፍል ጠብቁት። ለመስታወቱ ከውጭ በኩል አንድ ሳንቲም ስፋት፣ አንድ ተኩል ጥልቀት ያለው እርከን አውጡ። የታችኛው እንጨት የውጭ ፊት ላይም ዝናብ ወርዋሪ ሊስቴሎ ብታክሉበት፣ እሱም ከስሩ ቦይ ያለው፣ ከደፉና ከመዝጊያው መሀል ውሃ አይገባም። ሁለት መዝጊያ ከሆነ መሀል ላይ አንዱ በአንዱ ላይ እንዲደራረብ እርከን ይውጣለት። በመዝጊያውና በመቃኑ መሀል ዙሪያውን 3 ሚሊ ያህል ክፍተት ተዉ፣ በጋ ላይ ሰፊ ይመስላችኋል፣ ሀምሌ ላይ ግን ለምን እንደተባለ ይገባችኋል።

መስታወት ከማስገባታችሁ በፊት እርከኑን በተልባ ዘይት አጠጡት። ደረቅ እንጨት መስታወቱን ከሚይዘው ሊጥ መሰል ስቱኮ ላይ ዘይቱን ይመጥና ስቱኮው እየተፈረፈረ ይወድቃል፣ ብዙ መስኮት ላይ የምታዩት የተሰነጠቀ ስቱኮ ምክንያቱ ብዙውን ጊዜ ይሄ ነው። መስታወቱ 3 ወይ 4 ሚሊ ውፍረት፣ ከቦታው በስፋትም በቁመትም 3 ሚሊ ያነሰ ይቆረጥ። ስቱኮውን ቀለም መሸጫ ትገዛላችሁ፣ ወይም አንድ ኪሎ የካልሲየም ካርቦኔት ዱቄት ላይ ሁለት መቶ ግራም ያህል የተልባ ዘይት እያፈሰሳችሁ እንደ ሊጥ አሹት፣ ጄሶ ግን እንዳትጠቀሙ፣ እሱ ሌላ ነገር ነው። እጅ ላይ መጣበቁን ትቶ ሲያለሰልስ ደርሷል። እርከኑ ላይ ስስ አድርጋችሁ አስተኙ፣ መስታወቱን ጠርዝ ጠርዙን እየተጫናችሁ አስቀምጡት፣ መሀሉን እንዳትጫኑ ይሰበራል። ጭንቅላት በሌላቸው ትንንሽ ሚስማሮች በየሃያ ሳንቲሙ ያዙት፣ ከዛ የውጭውን ስቱኮ በቢላ በሰያፍ ሳቡት። ዘይቱን የጠረጋችሁበትን ጨርቅ ጨምድዳችሁ ጥግ ላይ እንዳትጥሉት፣ የተልባ ዘይት ሲደርቅ ይሞቃል፣ የተከመረ ጨርቅ በራሱ ተቀጣጥሎ ቤት ያቃጥላል። ውሃ ውስጥ ንከሩት ወይ ውጭ ዘርግታችሁ አድርቁት።

አሮጌውን ማውጣት። መጀመሪያ ጉበኑን እዩ፣ ከመስኮቱ በላይ ያለውን አግዳሚ፣ በካቻቪቴ ወጉት፣ ከዘመመ ወይ ከበሰበሰ ግድግዳውን በወፍራም ባህር ዛፍ ደግፉ፣ ያለድጋፍ መቃን መንቀል ቀልድ አይደለም፣ ጣራውም ሊንቀሳቀስ ይችላል። መቃኑ ግራና ቀኝ ካለው ቋሚ ጋር በረጃጅም ሚስማር ነው የተያያዘው፣ ዙሪያውን ምርጊቱን በመሮ ከፈት አድርጉና የሰጌቶ (የብረት መጋዝ) ምላጭ አስገብታችሁ ሚስማሩን ቁረጡት። በፌሮ ከፈነቀላችሁት ግማሽ ግድግዳ ይዞ ነው የሚወጣው። አሮጌ ቀለም ደግሞ እርሳስ የሚባለው መርዛማ ብረት ሊኖርበት ስለሚችል በደረቁ በብርጭቆ ወረቀት አትፈትጉት፣ እርጥብ አድርጋችሁ ፋቁት፣ ማስክ አድርጉ፣ ህጻናትን አርቁ። ቀዳዳው ባዶ ሲሆን ቋሚዎቹን ፈትሹ፣ የምስጥ ዋሻ ካለ መስኮቱን ተዉትና መጀመሪያ እሱን አክሙ።

መግጠም። የመቃኑን ከግድግዳ ጋር የሚገናኙ ፊቶች ሁሉ ከመግባቱ በፊት በዘይት ወይም በቀለም ሸፍኑ፣ በተለይ የተቆረጠ ጫፉን፣ አንዴ ከገባ በኋላ በጭራሽ አትደርሱበትም። ከደፉ ስርም አንድ ንጣፍ ካታራማ (ሬንጅ የጠጣ) ወረቀት አድርጉ። መቃኑን አስገቡና ከታች ሁለት ጠንካራ ሽብልቅ ላይ አስቀምጡት፣ ውሃ ልኩን ደፉ ላይ ሳይሆን ከላይኛው እንጨት ስር አድርጉት፣ ደፉ ዘንባላ ነውና ይዋሻችኋል። ቱንቢውን (ክብደት የታሰረበትን ገመድ) በሁለቱም ጎን፣ ከፊትም ከጎንም ጣሉ። ሽብልቆቹን ጥንድ ጥንድ ከግራና ከቀኝ እየተቃረኑ ግፉ፣ አግድመቱን ደግማችሁ ለኩ፣ እኩል ሲሆን ብቻ በረጃጅም ቪቴ በሽብልቁ ውስጥ አልፋችሁ ከቋሚው ጋር እሰሩት፣ በየጎኑ ሶስት ይበቃል። ቪቴ ካጠበቃችሁ በኋላ መዝጊያውን አንጠልጥላችሁ ሞክሩ፣ ምርጊት ሳይገባ። ከአንድ ሜትር ላነሰ መዝጊያ ሁለት ማጠፊያ፣ ከዛ ለበለጠ ሶስት። በግማሽ ከፍታችሁ ስትለቁት ባለበት ከቆመ ቱንቢው ልክ ነው፣ በራሱ ከሄደ መቃኑ ዘሟል፣ አሁን ነው ማስተካከያው።

ክፍተቱን የምትሞሉት በጭቃ ነው። ከጭድ ጋር ተረግጦ ቢያንስ ሶስት አራት ቀን የቦካ ጭቃ፣ ከድሮው ግድግዳ የፈረሰውንም ጭቃ መልሳችሁ ብታቦኩት ይሆናል፣ እንዲያውም ከግድግዳው ጋር የሚስማማው እሱ ነው። የድሮውን ጭቃ ውሃ አርከፍክፉበትና አንዴ ሳይሆን ሁለት ሶስት ጊዜ በስሱ ሙሉት፣ እያንዳንዱ ይድረቅ፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፣ ስንጥቁን በሚቀጥለው ትሞላላችሁ። አናጺያችሁ "ትንሽ ሲሚንቶ ጣል ላድርግበት" ካለ አይሆንም በሉት። በደንብ ከደረቀ በኋላ ከውስጥና ከውጭ ሊስቴሎ ይመታበታል፣ ሊስቴሎውን መቃኑ ላይ ብቻ ምቱት፣ ግድግዳው በነጻ ይንቀሳቀስ።

ቀለሙን በአጭሩ፣ ስቱኮው ላዩ ቆዳ እስኪያወጣ ሁለት ሳምንት ያህል ጠብቁ፣ ከዛ አንድ ስስ መነሻና ሁለት የዘይት ቀለም። ቀለሙ ከስቱኮው አልፎ መስታወቱን ሁለት ሚሊ ይንካ፣ ስቱኮና መስታወት የሚገናኙበትን የሚዘጋው እሱ ነው። የመዝጊያውን የላይና የታች ጠርዝ እንዳትረሱ፣ አብዛኛው ሰው የሚታየውን ብቻ ነው የሚቀባው። የአዲስ አበባ ፀሐይ ከባድ ስለሆነ ቨርኒሽ ብቻ ውጭ ላይ ቶሎ ይላጣል፣ ቀለም ይሻላል።

ውጭ የጣውላ መዝጊያ ያለው ቤት ከሆነ እሱንም መልሱት፣ ዝናቡን መጀመሪያ የሚቀበለው እሱ ነው፣ ሲከፈት ግን ንፋስ እንዳያጋጨው ግድግዳው ላይ መንጠቆ ያስፈልገዋል፣ መንጠቆውን ምርጊቱ ላይ ሳይሆን ቋሚው ላይ አስሩት። መልኩን ለማየት መስቀል አደባባይ አጠገብ አዲስ አበባ ሙዚየም የሆነውን የራስ ብሩ ወልደገብርኤልን ቤት ሄዳችሁ እዩ፣ የመስኮቶቹን መጠን፣ የእንጨቱን ስፋት እየለካችሁ ፎቶ አንሱ፣ ለአናጺም በቃል ከማስረዳት እሱን ማሳየት ይቀላል።

የመጀመሪያው ክረምት ላይ መዝጊያው የሆነ ቦታ ይነካል፣ ወዲያው አትላጉት። የሚነካበትን በእርሳስ ምልክት አድርጉና ጥቅምት እስኪገባ ጠብቁ፣ ያኔም ገና የሚነካ ከሆነ እሱን ብቻ ላጉና የተላገውን በዚያው ቀን ቀለም ቀቡት። በየዓመቱ ግንቦት ላይ፣ ዝናቡ ሳይጠና፣ የደፉን ቦይ በሚስማር ጥረጉ፣ ሸረሪትና ጭቃ ይሞላባታል፣ የተላጠ ቀለም ካለ ቀቡ፣ ማጠፊያውን ዘይት ጠብ አድርጉበት፣ ካቻቪቴውንም ይዛችሁ የመቃኑን እግሮች እንደገና ወጋ ወጋ አድርጉ።